በለገዳራ ዳር ያልተረጎምኩት ቃል

በጣሊያን ጊዜ ዲላ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። በአባቴ ሱቅ ጨርቅ ሊገዙ ከሚመጡ ወታደሮች የለቃቀምኩት ጣሊያንኛ በሃያ ሁለት ዓመቴ እንጀራ ሆነኝ።

አንድ እሁድ የማገለግለው መቶ አለቃ ከሚስቱ ጋር ወንዝ ዳር ሊዝናና ፈለገ። "አውሬ የሚታይበት ቦታ ታውቃለህ?" አለኝ። ለገዳራ ወንዝ ዳር ጉሬዛ የሚበዛበት ደን አውቅ ነበርና "ባለቤት የሌለው ቦታ አለ" ብዬ ወሰድኳቸው።

ሚስትየዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች። እሱ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ እያየ ይስቃል። ይህን ጊዜ ደኑን የሚጠብቁ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ መጡ። ገበያ ውስጥ በለመድኩት ጌዴኦኛ ሰላም አልኳቸው።

"ይዋኙ፣ ይብሉ፣ ይዩ። እዚህ ደን ውስጥ ግን አይተኮስም፤ አባቶቻችን የሚጸልዩበት ነው። ንገርልኝ ልጄ" አሉኝ።

"ምን አለ?" አለ መቶ አለቃው።

ባለቤት የለውም ማለቴ ትዝ አለኝ። ውሸታም እንዳልባል ፈራሁ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ" አልኩት።

ባርኔጣውን አንስቶ አመሰገናቸው። ሽማግሌውም መልእክታቸው የደረሰ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙም ሳይቆይ የመቶ አለቃው ጠመንጃ ጮኸ። አንዲት ጉሬዛ ከነልጇ ወደቀች። ልጇ ገና አራስ ስለሆነ ጸጉሩ ነጭ ነው፤ አልሞተም፤ ደረቷ ላይ ተጣብቆ ይጮሃል። ሽማግሌው ሄደው አላቀቁትና በቡሉኳቸው ሸፈኑት። እንባቸው ይወርድ ነበር።

"ለምን ያለቅሳል?" አለችኝ ሚስትየዋ። መውጫ አጣሁና እውነቱን ነገርኳት። መቶ አለቃው ፊቱ ቀላ።

"ቀድመህ ብትነግረኝ አልተኩስም ነበር" አለኝ።

ይህ ሰው ብዙ ክፉ ነገር ሲያደርግ አይቻለሁ። የዚያን ቀኑ ጥፋት ግን የእኔ ነበር።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ነግረኸው ነበር?"

"ነገርኩት፤ እምቢ አለኝ።"

አመኑኝ። "አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ" ብለው ትከሻዬን ዳሰሱኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከሽማግሌው ጋር ጪጩ ገበያ ውስጥ ተገናኘን። ጠርተው አቀፉኝ። የጉሬዛዋ ግልገል በሦስተኛው ቀን እንደሞተ ነገሩኝና አብረዋቸው ወደነበሩት ዘመዶቻቸው ዞረው፣ "ጣሊያኑን እንዳይተኩስ የለመነልን ልጅ ይህ ነው" አሏቸው። ሰዎቹ ተራ በተራ እጄን ጨበጡኝ። እኔም የእያንዳንዳቸውን እጅ መልሼ ጨበጥኩ።