ሁሉም በግራ በኩል

ዛሬ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ የስቱኮና የቀለም ሽታ መታኝና ቆምኩ።

በሞተር ጎጆ ከተማ ድረስ እየተመላለሰ ሕፃናት ሲከትብ የኖረው አባቴ እንዳረፈ፣ ሞተሩ ሊሸጥ ሆነ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ስርጉድ በስርጉድ የሆነውን የቤንዚን ታንክ አቅፌ ባትላሜራ ሠራተኛው ኦቦ ቶለሳ ዘንድ ሄድኩ።

በመዳፋቸው ዳበሱት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስርጉዱ ሁሉ በግራ ነው፤ በቀኙ አንድም የለም። አባትሽ የክትባቱን ሳጥን በቀኝ ነበር የሚያስረው። ጭቃው ሲያንሸራትተው ሳጥኑ እንዳይሰበር ብሎ ወደ ግራ ይወድቅ ነበር ማለት ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ገዢ እንዳያየው ሁሉንም ያቃኑልኝ።»

ቀጠቀጡት፤ በስቱኮ ሞሉት፤ ቀይ ቀለም ቀቡት። እንደ አዲስ አበራ።

ዛሬም ቀይ ሞተር ባለፈ ቁጥር ዓይኔ ወደ ግራ ጎኑ ይሄዳል። ምነው አንዷን ስርጉድ እንኳ ይተዉልኝ ባልኩ!