ሹፌሩ ከእኛ ጋር የበላ ዕለት

ረቡዕ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን

መኪናው ጎህ ሲቀድ ይነሳል ብለውኝ ስለነበር ጨለማው ሳይለቅ መናኸሪያ ደረስኩ። ጎህ ቀደደ፣ ፀሐይ ወጣች፣ መኪናው ግን አልተነሳም። ቅጥቅጥ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። ብርዱ ጉልበቴን ሲቆረጥመው ዘንቢሌን አቅፌ ቆምኩ። ዘንቢሉ ውስጥ የገብስ ገንፎ ዱቄት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቅቤና ሁለት የሕፃን ሹራብ አለ። አጣዬ ያለችው ልጄ እሌኒ ወልዳለች፤ አራስ ልጠይቅ ነው የምሄደው። በቆላ ሙቀት ሹራብ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ የሠራሁት ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ነው።

ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ ላይ ሰው ተቀምጧል፣ አንዱ ባዶ ነው። እግሬን ሳነሳ ሹፌሩ በእጁ ከለከለኝ።

«ተይዟል፣ እማማ።»

«በማን?»

«በሰው ነዋ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ታምራት ይባላል። አንገተ ወፍራም ጎልማሳ ነው፤ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ጥቁር መነጽር አጥልቋል። ወጣሁና ተቀመጥኩ። «ሰውየው ከመጣ እነሳለታለሁ» አልኩት። እስከ አጣዬ ድረስ ማንም አልመጣም።

ረፋድ፣ ጣርማ በርና ደብረ ሲና

ጉም፣ ባሕር ዛፍ፣ የድንጋይ አጥር፣ መንገድ ዳር ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ታምራት ስልክ እያወራ ነው። ስለ ጎማ ዋጋ ነው የሚያወራው። ፊታችን የጭነት መኪና፣ ከጎናችን ግድግዳ፣ እሱ ደግሞ «ሁለቱን ስንት ትላለህ?» ይላል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። እኔም በበኩሌ የማውቃቸውን ጻድቃን ሁሉ ጠራሁ። በሁለታችን ጸሎት እንደምንም ወጣን።

ከዋሻው ማዶ ምድሩ ይወድቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ደብረ ሲና ላይ ጎማ ተነፈሰ፤ ሲቀየር ቆሎ ገዛሁና ለጎረቤቴ ዘገንኩለት። ጋሽ ሰይድ ይባላል፤ የቀወት ሰው ነው፣ ማሾ ይነግዳል፣ ጢሙን ሂና ተቀብቷል። ጾም ስለሆነ እኔ ቆሎውን አልነካሁም። መንገደኛ ነኝና እስከ ቀትር ብቻ ልቆይ ብዬ ራሴን አስማምቻለሁ።

«ምሳ የት ነው የምንበላው?» አልኩት።

«ሸዋ ሮቢት። ትልቁ ሆቴል ነው፣ ሹፌሩ የሚበላበት።»

«ሹፌሩ የሚበላበት ማለት?»

ጋሽ ሰይድ ሳቀና አስረዳኝ። ታምራት እየሰማ ነው፤ ግድ አልሰጠውም። መንገደኛ ይዞ የሚመጣ ሹፌር በነፃ ይበላል። እኛ አዳራሽ ተቀምጠን የቀዘቀዘ ወጥ ስንጠብቅ፣ እሱ ጓዳ ይገባል፤ በር ይዘጋለታል፣ ትኩስ ትኩሱ ይቀርብለታል።

«የእሱን ምሳ ማን ይከፍላል ታዲያ?»

«እኛ ነና።»

«ማን ፈቀደለት?»

«ኧረ እማማ፣ ይሄ እኮ ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣ ነው።»

«ወንበሩም፣ ጓዳውም አብሮ መጣ» አልኩ። ታምራት ሬዲዮውን ጮክ አደረገው።

ይህን የሰማሁት ሌላ ቀን ቢሆን ተናድጄ ብቻ አልፈው ነበር። ነገር ግን ዘይነባ አለች። ዘይነባ እሌኒ አዲስ ሙሽራ ሳለች አጣዬ ቤት ያከራየቻት ሴት ናት። እኔ በመንገድ ችግር ሳልደርስ ስቀር የልጄን የመጀመሪያ አራስነት ያረሰቻት እሷ ናት። አጣዬ የነበረው ምግብ ቤቷ ከተማው በነደደበት በዚያ ክፉ ጊዜ ተቃጠለና ከልጇ ከሀያት ጋር ሸዋ ሮቢት ወርዳ ሌላ ከፈተች። ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ መኪና ሁሉ በበሯ ያልፋል፤ አንድም አይቆምም። ለሹፌር የሚሆን ጓዳ የላትማ። ሰሞኑን ደውላ፣ «አስካለ፣ ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን ለባለቤቱ መልሼ ገጠር ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ» አለችኝ። ድምጿ ደህና ነበር። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ቀትር፣ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት

ማሽላው ከሰው በላይ ቆሟል። መንገድ ዳር ሽንኩርት በጆንያ፣ ማንጎ በሳፋ፣ ከአህያ ኋላ የሚሄዱ ጥላ የያዙ ሴቶች። ከመስኮት የሚገባው ነፋስ ከድስት የሚወጣ እንፋሎት ይመስላል። ዞሬ ወደ ኋላ ተናገርኩ።

«ልጆቼ፣ ስሙኝ። ምሳ የምንበላው በገዛ ገንዘባችን ነው። ታዲያ የምንበላበትን ቤት የሚመርጠው በነፃ የሚበላው ለምንድን ነው?»

«እማማ፣ ወደፊት ዞረው ይቀመጡ፣ ትራፊክ ያስቀጡኛል» አለ ታምራት።

«አፌ ወንበር አይዝም፤ ምን ብሎ ነው የሚቀጣህ?»

ስለ ዘይነባ ነገርኳቸው። ትኩስ እንደሆነ፣ ንጹሕ እንደሆነ፣ የቤት እንደሆነ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «የጾም አላት?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ሰይድ ለእኔ መለሰልኝ፦ «እህቴ፣ ረቡዕ ሽሮ የሌለው ምግብ ቤት የት አለ?» እጅ አውጡ አልኩ። ብዙ እጅ ወጣ። ታምራት በመስታወቱ አየ፤ የዘይነባን በር በፍጥነት አልፎ ትልቁ ሆቴል ግቢ ውስጥ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ይኸው። የፈለገ እዚህ ይብላ፣ የፈለገ በእግሩ ይሂድ።»

በእግራችን ሄድን። ጥቂቶች ቀሩ፣ እነሱ እንኳ እያፈሩ ነው። እኔ ዘንቢሌን ይዤ ፊት ፊት፣ ከኋላዬ ሻንጣ ያዘለ፣ ልጅ ያዘለች፣ ነጠላዋን ከፀሐይ የተከናነበች፣ አንገታቸውን የደፉ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች። ባጃጅ ነጂዎች ለቀብር የምንሄድ መስሏቸው ጥግ ይዘው አሳለፉን። አንዱ ሬዲዮውን አጠፋ።

ምሳ፣ ዘይነባ ቤት

በቆርቆሮ የተሸፈነች አንድ ክፍል። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ፣ አራት ጠረጴዛ፣ የማይዞር ማራገቢያ፣ ደጃፉ ላይ ኒም ዛፍ፣ ዛፉ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና በገመድ የተንጠለጠለ ሳሙና። ዘይነባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በካርቶን ታራግባለች። ስታየን ካርቶኑ ከእጇ ወደቀ።

«አስካለ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ምሳ ነው።»

«ለስንት ሰው?»

«ለምታያቸው ሁሉ።»

ተነስታ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችኝ። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። «ወላሂ፣ የሠራሁት ለስድስት ሰው ነው። ስልክ የለሽም? እጅሽ ተሰብሯል? ደህና ስሟን ይዛ የምትዘጋን ሴት እንግዳ አስርባ ዘጋች ልታሰኚኝ ነው የመጣሽው?»

ልክ ነበረች። ይህን ሁሉ ሰው ስሰብክ ድስቷ ውስጥ ስንት ጭልፋ እንዳለ አንዴም አላሰብኩም።

ደግነቱ ሽሮ ነው፤ ውኃ ያለበት ቤት ሽሮ አይጠፋም። ጋሽ ሰይድ ከበር ላይ ሰምቶ እጅጌውን ሰበሰበ። ሴቶቹ ሽንኩርት ያዙ። አንድ ረጅም ወታደር ቢላ ተሰጠው፤ ቃሪያ እየሰነጠቀ አለቀሰ። ሀያት ጎረቤት ለጎረቤት ሮጣ እንጀራ ሰበሰበች። ከአንዱ ቤት ነጭ ጤፍ፣ ከአንዱ ሰርገኛ፣ ከአንዱ የማሽላ። ዘይነባ በሁለት ምድጃ መካከል እየዞረች ሁላችንንም ትሰድባለች፤ ስድቧ ውስጥ «ቢስሚላህ» ጣል ጣል ታደርጋለች።

ትሪ ያላት ሦስት ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ትሪ ሰባት ስምንት ሆነን ከበብን። ሽሮው እየተንተከተከ መሐል ላይ ፈሰሰ፤ ዳርና ዳሩን ምስር፣ ጎመን፣ ቲማቲም። በየትሪው ክርስቲያኑም እስላሙም ተቀላቅሎ ተቀመጠ፤ ሥጋ የለበትምና ማንም ማንንም አልጠየቀም። እኔ የትሪውን ድንበር መጠበቅ ይዤ ነበር። አንድ እጅ በተደጋጋሚ በእኛ በኩል ወዳለው ጎመን ይመጣል።

«ይህ እጅ የማን ነው?»

ባለቤቱ ከትሪው ማዶ ተገኘ፤ ወታደሩ ነው።

«እማማ፣ እጄ ረጅም ሆኖ ነው።»

«እጅህ ይርዘም፤ ጎመንህ ግን ፊትህ ነው ያለው።»

ይህን ጊዜ ክላክስ ተሰማ። ታምራት መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይነፋል። አብረውት ከቀሩት አንዷ ገብታ ነገረችን። ሆቴሉ የመጣውን ሰው ቆጥሮ፣ «ዛሬ ጓዳው ተይዟል» ብሎታል። በማን ሲላቸው፣ «በሰው ነዋ» አሉት። ሳቄን በነጠላዬ ጠርዝ ሸፈንኩ።

ዘይነባ አልሳቀችም። ሳህን አወጣች፣ ሽሮ ጨለፈች፣ ከላይ ቃሪያ ሰካች፣ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ቆምኩባት።

«ወዴት?»

«ሰውየው አልበላም።»

«ያልበላው ጓዳ አጥቶ ነው። ከሁሉ እኩል ይቀመጥ፣ እንደ ሰው ይክፈል።»

«አስካለ፣ ቤቴ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም።»

«ቤትሽ መቼ ገባ? መኪናው ውስጥ ነው።»

«መኪናው በሬ ላይ ነው።»

«መንገዱ የመንግሥት ነው።»

«ጥላው የእኔ ዛፍ ነው» አለችና በብብቴ ሥር ሾልካ ወጣች። ነገር ግን ሳህኑን በመስኮት አልሰጠችውም። ከፍ አድርጋ እያሳየችው፣ «ጓዳ የለኝም፣ የእኔ ልጅ። ከሰው ጋር የምትበላ ከሆነ ግባ» አለችው። ታምራት ሳህኑን አየ። መነጽሩን አወለቀ። ወረደ።

ጋሽ ሰይድ ጠጋ ብሎ ከእኛ ትሪ ቦታ ሰጠው። ሁለት ጉርሻ ያህል ሰላም ነበር። ከዚያ ጋሽ ሰይድ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ዋሻው ውስጥ ያ ስልክ፣ ጌታዬ» አለ። ልጅ ያዘለችው ሴት መስኮቱ እንደማይከፈት ነገረችው። ወታደሩ ሬዲዮውን አነሳ። ሌላዋ ኩርባውን። ከሌላ ትሪ ድረስ ዞረው የሚነግሩት መጡ። ታምራት አፉ በሽሮ ተሞልቶ አንዱን ሳይመልስ ሌላው ይከተላል። በመጨረሻ ዋጠና፣ «እኛ ሹፌሮች ጓዳ የምንበላው እኮ ለዚህ ነው» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ሽሮ እንዲጨመርለትም ጠየቀ። ሲነሳ ሊከፍል እጁን ኪሱ ከተተ፤ ዘይነባ እምቢ አለች። ብሩን ከእጁ ተቀብዬ መቀነቷ ውስጥ ወሸቅሁት። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ እኔም አፈጠጥኩባት። ታምራት በሁለታችን መካከል ቆሞ፣ «ነገ ስመለስ የሚበላ ይኖራል?» ብሎ ጠየቀ።

«ስንት ሰው እንደያዝክ ከደብረ ሲና ወይ ከአጣዬ ደውልልኝ» አለችው፤ ሀያት ስልኩን መዘገበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺም ሳትደውዪ ሰው አታምጪብኝ» አለች።

ከዚያ እስከ አጣዬ ታምራት እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ ነዳ። ሊበቀለን ይሁን ታርሞ ይሁን አልለየልንም።

በሳምንቱ፣ መልስ

አጣዬ አዲስ ቆርቆሮ በአሮጌ ግድግዳ ላይ ያብለጨልጫል። የልጅ ልጄ ሹራቡን አንድ ጊዜ ለብሶ በላብ ተጠመቀ፤ አስወለቁት። እኔ ገንፎ ሳገነፋ ሰነበትኩ።

ስመለስ መኪናው ሌላ፣ ሹፌሩም ሌላ ነው። ምንም አልተናገርኩም፤ አንዴ ተናግሬ ምን እንዳመጣሁ አይቻለሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሳልጠይቀው ኒሙ ሥር አቆመ። ፊታችን ሌሎች ሁለት መኪናዎች ቆመዋል። ሰዉ እስከ ደጃፍ ተሰልፏል። በሰው ትከሻ መሐል የዘይነባ ሻሽ ብቻ ይታየኛል፣ ከምድጃ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ወዳጇ ነኝና በጎን ወደ ምድጃው ልገባ ስል ከሰልፉ አንዲት ወጣት ያዘችኝ።

«እናቴ፣ ሁላችንም ርቦናል። ወረፋዎን ይጠብቁ።»

ሄጄ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ፀሐዩ አናቴን ይቀቅለዋል። ፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር የእኛ ሹፌር ከውስጥ አፉን እየጠረገ ወጣና ክላክስ ነፋ፤ ተመልሼ ተሳፈርኩ። ሀያት አይታኝ በፌስታል የተጠቀለለ እንጀራ ይዛ በሩጫ መስኮቴ ሥር ደረሰች።

«እማማ አስካለ፣ እናቴ ናት የላከችው።»

«ተራው የማን ነበር?»

«የ… የዚያ ሰውዬ።»

«በይ ለእሱ ስጪው።»

ደብረ ብርሃን የገባነው ብርዱ ሲወርድ ነው። ምራቴ ዘንቢሌን ተቀብላ፣ «ዘይነባ ቤት ደህና ምሳ በላሽ?» አለችኝ።

«አልበላሁም።»

ፊቷ ተለወጠ። «ወይኔ፣ ዘጋችው እንዴ?»

«ሞልቶ ነበር» አልኳትና ድስቱን ከፈትኩ።