በአማርኛ የምሞትበት ፓርክ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ ትያትር ነበረን። ንጉሥ ሆኜ ተጫውቼ፣ ፊቴን በቅጡ ሳልታጠብ ወደ ቦሌ ሮጥኩ። ዲቪ ደርሶኝ ነው። ፓስፖርቴን የምታየው ሴትዮ አገጬን አፍጥጣ እያየች፣ “ይሄ የተለጠፈው ምንድን ነው?” አለችኝ።

“የጢም ማጣበቂያ። ቅድም ንጉሥ ነበርኩ።”

“አሁንስ?” ብላ ማኅተሙን መታች።

አትላንታ ገብቼ ቻምብሊ ውስጥ ከሁለት ሾፌሮች ጋር አፓርታማ ተጋራሁ። ሥራ ያገኘሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመዝናኛ ፓርክ ነው። ቦታው ቀድሞ የኮክ እርሻ ነበር። ሚስተር ዋልተር የሚባሉ የሰርከስ ሰው ገዝተውት፣ ሲኒማውን፣ ትያትሩን፣ አስማቱን፣ የትርዒት ዓለም የሚባለውን ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ሰበሰቡት። ፊታቸው ብቻ ያማረ፣ ከኋላ በጣውላ የተደገፉ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ አሠሩ። መጀመሪያ ላይ የመኪናው ሰልፍ አውራ ጎዳናውን ይዘጋ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ግን ግማሹ አዳራሽ ተቆልፏል፤ ሰዉ ትርዒቱን በስልኩ ማየት ለምዷል።

ማናጀሯ “ምን ትችላለህ?” አለችኝ።

“ተዋናይ ነኝ።”

“አክሰንትህ ከባድ ነው። መውደቅ ትችላለህ?”

“ከምን ላይ?”

“ከጣሪያ።”

በቃ፣ እንዲህ ተቀጠርኩ። ጄሰን የሚባል ባለ ካውቦይ ኮፍያ ጎረምሳ በባዶ ጥይት ይተኩስብኛል፤ እኔ ባንክ ዘራፊ ሆኜ ከባንኩ ጣሪያ ፍራሽ ላይ እወድቃለሁ፣ ድምፅ ሳላሰማ። የአትላንታ ሐምሌ ደግሞ እንደኛ ሐምሌ ካፖርት አያስለብስም፤ ላቤ ቀድሞኝ ይወርዳል። ብዙ ከሞትኩ በኋላ ሚስተር ዋልተርን፣ “አንድ ቃል እንኳ ልናገር” ብዬ ለመንኳቸው።

“በቋንቋህ ተናገር” አሉኝ። “የሚሞት ሰው በምንም ቋንቋ ቢናገር ይገባል።”

ከዚያ በኋላ እየወደቅኩ “ወይኔ ሺፍቴ ሳያልቅ!” “ወይኔ የቤት ኪራዩ!” እያልኩ እጮህ ጀመር። ወሬው ሐበሻ የሚበዛበት ዶራቪል ደረሰ። ሐበሻው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን እንደለበሰ እየመጣ የፊተኛውን ወንበር ይሞላው ያዘ። ፈረንጆቹ ሐበሻውን ምን እንደሚያስቀው ግራ ይገባቸዋል።

በስደተኛ ካምፕ አልፈው የመጡ እማማ ዘነበች የሚባሉ አሮጊት አንድ ቀን ከሾው በኋላ ጠሩኝ።

“አንተ ልጅ፣ ሰው ሲሞት ማየት በቅቶኛል። አንዴ እንኳ ተርፈህ አሳየኝ።”

“እማማ፣ የሚከፍሉኝ ለመሞት ነው።”

አልሳቁም።

ብዙም ሳይቆይ ፓርኩ እንደሚዘጋ ተነገረን። በመጨረሻው ቀን እማማ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጄሰን ተኮሰ። አልወደቅኩም። ደገመ። “ዛሬ አልሞትም!” ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ጄሰን ዙሪያውን አየና፣ መላ ሲጠፋው ጊዜ ራሱ ተዘረረ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሚስተር ዋልተር ከኋላ ቆመው ባርኔጣቸውን አነሡ። እማማ ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ግቢው ፈርሶ መጋዘን ተሠራበት። አሁን ከዚያው መጋዘን በቫን ዕቃ እየጫንኩ ሊቶኒያ ድረስ አደርሳለሁ። እናቴ ደሴ ናት፤ መድረክ ላይ አይታኝ አታውቅም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሆኜ ደውዬ በመጨረሻው ትርዒት የሆነውን አጫወትኳት።

“ምን ነበር ያልከው?” አለችኝ።

ቫኑን ፓርክ አድርጌ፣ በመድረክ ድምፄ፣ “ዛሬ አልሞትም!” አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “እማዬ?” ስል፣

“አለሁ” አለችኝ። “መቼ ነው የምትመጣው?”