ያልተደፋው የታች ውሃ

ጋሽ ጠብታ የምንላቸው ውሃ ስለሚያጣሩ ብቻ አይደለም፤ ወሬም ከአፋቸው የሚወጣው ጠብ ጠብ እያለ ነው። እኔ ዘበኛው ደግሞ ወሬ እወዳለሁ፤ ስለዚህ ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍላቸው አልጠፋም። ውሃ ያፈላሉ፤ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ለመድኃኒት ቤቱ ይልካሉ፤ መርፌ የሚበጠበጠው በዚያ ውሃ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት ገብተው ከግድግዳ ጋር ከመፋጠጥ ከማሽኑ ጋር መዋል ይሻላቸዋል። ማሽኑ ቢያንስ ድምፅ አለው ይላሉ።

ጠላቶቻቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ውሃው ሲተን በማሞቂያው ብረት ላይ እየጋገረ የሚቀረው ነጭ ድንጋይ ነው፤ እሱን በአሲድ አሟሙተው ያጥቡታል። ሁለተኛው አረፋ ነው። በማፍያው ሥር የሚቀረው ውሃ ጨው ሲበዛበት አረፋ ያወጣል፤ አረፋውም ጨዉን ይዞ ወደ ንጹሑ ውሃ ይሻገራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የታቹን ውሃ ሳይደፉ ማሽኑን አያስነሱም።

ያን ቀን ግን ሩቅ አገር የምትኖረው አንድያ ልጃቸው በከተማችን ልታልፍ ነበር። አውቶቡሱ ምሳ ሰዓት ላይ መናኸሪያው ጋ ጥቂት ይቆማል። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ጋሽ ጠብታ ቶሎ ጨርሰው ለመውጣት ብለው ሳይደፉ አስነሱት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ የመፍላቱ ድምፅ ታፈነ። በመስታወቱ ሲያዩ አረፋው እስከ ላይ ሞልቷል። የተጣራው ውሃ ሁሉ ተበላሽቷል።

«ይሂዱ ጋሼ፣ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«መርፌ የሚወጋው ያውቃል።»

ኮታቸውን አውልቀው ሁሉንም ደፉ፤ አጥበው እንደገና ጀመሩ። አዲሱ ውሃ መንጠብጠብ ሲጀምር ስልካቸው ጠራ። እጃቸው እርጥብ ስለነበር እኔ ነኝ ጆሯቸው ላይ የያዝኩላቸው።

«አባዬ፣ መኪናው ወጣ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ለሥራህ እንጂ ለእኛ መቼ ጊዜ ኖሮህ ያውቃል? እማዬም ይህንኑ እንዳለች ሞተች።»

ውሃው የተበላሸው እሷን ለማግኘት ሲቸኩሉ እንደሆነ ይንገሯት ብዬ በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከሚንጠባጠበው ውሃ አላነሱም።

«እውነቷን ነበር» አሏት።