የአባቴ ሁለት ጣቶች

ትናንት ዲላ ውስጥ መኪናዬን ይዤ ከገባሁበት ጋራዥ፣ መካኒኩ አዲሱን የታይሚንግ ቺንጋ፣ የሞተሩን ጥርሳም የጎማ ቀበቶ፣ ከካርቶኑ ሲያወጣው የጎማው ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ በሐሳብ የልጅነቴ ግቢ ውስጥ ገባሁ። አባቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ አርጅቷል፣ ግን ጋራዥ እሄዳለሁ ካልኩ ቤት ዋል ብለውም አይሰማኝም።

ግቢያችን ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የአባቴ ጋራዥ ነበር። ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወራት ከዱመርሶና ከይርጋጨፌ የሚመጡ ፒካፖች ጭቃቸውን ለብሰው በራችን ላይ ይሰለፋሉ፤ እናቴ ያሰጣችው ልብስ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ስለሚል እኛም እንደዚያው እየሸተትን ትምህርት ቤት እንሄዳለን። አባቴ ቺንጋ ሲያስር ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም ነበር። የላዩንና የታቹን ጥርሳም መዘውር ምልክት ካገጣጠመ በኋላ ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር ያዞርና ጎንበስ ብሎ ያያል፤ አንዲት ጥርስ ከዘለለች፣ ባለመኪናው ቡናዬ ተበላሸ እያለ ቢጮህም ሁሉንም ፈትቶ ከሀ ይጀምራል። በመጨረሻ ረጅሙን የቺንጋውን ጎን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ይጠመዝዘዋል፤ ሩብ ዙር ሄዶ ከቆመ ልክ ነው ማለት ነው። ይህን እኛንም ልጆቹን በተራ ያስሞክረን ነበር።

የቡና ሹፌሮቹ ግን ጆንያ በገመድ ሲጠፍሩ ስለሚውሉ ቺንጋም እንደዚያ የሚታሰር ይመስላቸዋል። «ያጥብቁት እንጂ ጋሼ፣ የእኛ መንገድ እኮ ዳገት ነው!» ይሉታል። «ሞተር ነው እንጂ ጆንያ ነው እንዴ!» ብሎ ይቆጣል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ቺንጋ ሲያፏጭ ሰንብቶ ዳገቱ ላይ እንደሚገትራቸው ያውቃል። ሌሎች ጋራዦች ሳይቀሩ ለእነዚያ ጣቶች ሲሉ ያስጠሩት ነበር፤ እኔም በኩራት እሞት ነበር።

ትናንት መካኒኩ አስሮ ሲጨርስ «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» አለው። አባቴ ፊቱ በርቶ ትከሻዬን ተደግፎ ተነሳ፣ ቺንጋውን በሁለት ጣቱ ያዘና ጠመዘዘ። ቺንጋው ንቅንቅ አላለም።

«ጠብቋል፤ አላላው» አለ።

መካኒኩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔም ሳላስበው እጄን ሰድጄ ከአባቴ ጣቶች አጠገብ ያዝኩት። ያለ ምንም ትግል ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ። ልክ ነበር።

አባቴ ቺንጋውን ትቶ ጣቶቼን ብዙ አያቸው። ከዚያ ግራሶ ያልነካውን እጁን በጨርቅ ጠረገና «ልክ ነው፤ ክደነው» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ግቢያችን ሲሸጥ ቻልኩት፤ እናቴ ስትሞትም እንደ ምንም ቻልኩት። ይሄኛው ግን አቃተኝ። ጪጩ እስክንደርስ ሞተሩ ኮሽ ሳይል ነዳሁ፤ አባቴም አጠገቤ ሆኖ፣ ሁለቱን ጣቶቹን እርስ በርሳቸው እያሻሸ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።