የእማ ዘሃራ ሄድፎን ድምፅ አነሰ

ዛሬ ጎረቤታችን እማ ዘሃራ እኛ ቤት መጥተው ከኮምፒውተራችን ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ዋሉ።

ጅዳ ያለው ልጃቸው ሰይድ ታሟል ተብሎ የቆቦ ከተማ ሰው ሁሉ አውርቶ ነበር። ድምፁን በሜሞሪ ካርድ ቀድቶ በጓደኛው እጅ የላከላቸው ትናንት ደረሰ። ክፉም ይሁን ደግ ሰው ሳይሰማ መጀመሪያ እሳቸው ሊሰሙት ስለፈለጉ ሄድፎን አደረግሁላቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የትንኝ ድምፅ ነው» አሉኝ።

የኮምፒውተሩን ድምፅ እስከ ጥግ ከፈትኩት፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፣ ወይ ፍንክች። (የተመረቅኩት በኮምፒውተር ነው፤ እንዳትስቁ።) በመጨረሻ ከታች ያለችውን የድምፅ ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክቼ የየፕሮግራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚያሳየውን ሚክሰር ስከፍት፣ የማጫወቻው ድምፅ ለብቻው ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ወደ ላይ ሳብኩት።

እማ ዘሃራ ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ብለው ጮኹ። ሄድፎን ያደረገ ሰው ለካ የራሱን ድምፅ አይሰማም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተቆጡ፤ «አስቁመው እንጂ፣ ሳልመልስለት ሌላ ይጠይቀኛል።»

እኔ እያስቆምኩ፣ እሳቸው እየመለሱ ቀጠልን። የእህቱን፣ የበሬውን፣ የዝናቡን፣ አንድም ጥያቄ ሳይመልሱ አላለፉም። እንዲህ ሰው የሚያከብር ጆሮ አይቼ አላውቅም።

«ዳንክ? ወላሂ ዳንክ?» ሲሉ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶች «እሰይ» አሉ።

እማ ዘሃራ ሄድፎኑን አውልቀው «በሉ ግቡ፣ አሁን እናንተም ስሙት» አሏቸው።

እናንተስ ቤት ለተቀዳ ድምፅ መልስ የሚሰጥ ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ።