ሽጉጥ ወይስ ሰይፍ

ልጄ ሁለቱን የጌም ማሸጊያዎች የመደብሩ ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ክንዷን አጣጥፋ ትጠብቀኝ ጀመር። በግራ ያለው ላይ የብረት ቆብ ያጠለቀ ወታደር ጠመንጃውን በቀጥታ ወደ እኔ ደግኗል። በቀኝ ያለው ላይ ካባ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ሩቅ ተራራ ትመለከታለች። የመጀመሪያው ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ተኩስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እሷ እንዳስረዳችኝ፣ አንድ ሰው ፈጥረህ፣ ስምና ሙያ አውጥተህለት፣ አገር ለአገር እየዞርክ፣ ካገኘኸው ሁሉ ጋር እያወራህ ወራት የምትኖርበት ዓይነት ነው። እርግጥ ሴትዮዋ ጎኗ ላይ ሰይፍ ታጥቃለች። እኔ ግን ሰይፉን እንዳላየሁ ሆንኩ።

በቤታችን ደንብ አለ። የትምህርት ቤት ሪፖርቷ ጥሩ ከሆነ በየተርሙ መጨረሻ አንድ ጌም ይገዛላታል፣ የምትመርጠውም እሷ ናት። ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ልጅ ከትንሽነቷ በራሷ መወሰን ትልመድ እያልኩ በየሰዉ ቤት ስደሰኩር ኖሬያለሁ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሪፖርቷም አፍ የሚያስይዝ ነበር።

"ይሄኛው" አለች ወታደሩን በጣቷ እየነካች።

"ያኛው አይሻልም?"

"አባዬ፣ አንቺ ምረጪ ብለህ የለ?"

"ብያለሁ። ግን ፍልሰታ እየመጣ ነው። በጾም ደግሞ እንዲህ ያለ የደም ነገር..."

"ፍልሰታ እኮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው! ደሞ ጌም ሥጋ ነው እንዴ? ሲሪየስሊ!"

ሻጩ አማርኛ ባይሰማም የምንጣላ መሆናችን ገብቶት ወደ መደርደሪያው ዞር አለ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ሌላ ምክንያት ፈለግኩ። የተኩሱ ጌም ቶሎ ያልቃል፣ ሌላው ረጅም ነው፣ ብዙ ንባብ አለው፣ ለእንግሊዝኛሽ ይጠቅማል አልኳት። እንግሊዝኛ ከእኔ ይልቅ በስንት እጥፍ የምታውቅ ልጅ ናት። ፊቷን አጨፈገገችና ሁለቱንም ወደ ቦታቸው መልሳ ወጣች። ከሞሉ፣ ከገበያ ማዕከሉ፣ ጆበርግ ሮዘተንቪል እስካለው ቤታችን ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።

እኔ ደግሞ መኪናውን እየነዳሁ በራሴ ተናደድኩ። ምክንያቴ ጾም አልነበረም። እንግሊዝኛም አልነበረም።

አሁን መሃል ከተማ ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጣለሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን ካትሌሆንግ ውስጥ የግሮሰሪ ሱቅ ነበረኝ፤ እኛ ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሰፈር እንዳለ ሱቅ ሁሉ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ። ደንበኛ ከውጭ ሆኖ ይጠይቃል፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ ዳቦና የስልክ ካርድ በአንዲት ቀዳዳ አሳልፌ እሰጣለሁ። ኋላ አንዲት ክፍል ነበረችን፤ የምንኖረው እዚያው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ቦግ ብሎ፣ ባለቤቴ ለጉዳይ ወጥታ፣ የሁለት ዓመት ልጄ በኋለኛዋ ክፍል ተኝታ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ በዙሉ ሰላምታ "ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ" አለኝ። እኔም "ሳውቦና" ብዬ ዳቦ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጎንበስ ስል፣ በዳቦው ቀዳዳ ሽጉጥ ገባ።

ጀግና አልነበርኩም። ሁለት እጄን አነሳሁ፣ የሆነ ነገርም ለመንኩት። ጓደኛው በጎን በር ገብቶ ያለውን ሁሉ ሲለቅም፣ እኔ የማስበው የኋለኛዋን ክፍል በር ብቻ ነበር። እጁ ወደዚያ በር በሄደ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ያኔ ነው የተሳልኩት። ለማን እንደተሳልኩ ለእኔ ይቆይ። ልጄን ካተረፍክልኝ፣ በዕድሜ ዘመኔ ሽጉጥ የሚባል ነገር ከቤቴ ደጃፍ አያልፍም፣ መጫወቻም ቢሆን አልኩ። መጫወቻ የምትለዋን ለምን እንደጨመርኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሰው ሲጨንቀው ስለቱን ያበዛል መሰለኝ። በሩን ሳይከፍቱ ሄዱ።

ባለቤቴ ስለ ዘረፋው ታውቃለች፤ ስለቱን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በእኛ ዘንድ የተሳለ ሰው እስኪያደርስ ድረስ ዝም ይላል። የእኔ ደግሞ በየቀኑ የሚደርስ እንጂ አንዴ ተደርሶ የሚያልቅ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ ዝምታውም ማለቂያ አጣ። ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት ከልደት ግብዣ ሮዝ የውሃ ሽጉጥ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቀምቼ መለስኩባት። እንዴት እንዳለቀሰች አልረሳውም፤ ምክንያቱንም አልነገርኳትም። እስከ አሁን የምትገዛቸው ጌሞች መኪናና ኳስ ስለነበሩ ነገሩ ሳይነሳ ቆየ። አሁን አደገች፣ ምርጫዋም አደገ። ስለቴን ላፍርስ ወይስ ልጄን በውሸት ልያዝ የሚለው ጭንቅ እንዲህ ባለ የማይረባ በሚመስል ነገር መጣብኝ። ፈራሁ። ስለቱን ባፈርስ አንድ ነገር ይደርስባታል ብዬ ፈራሁ። በውሸት ብይዛት ደግሞ ከእኔ ትርቃለች፤ እሱም ጀምሯታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ጥግ ይዤ አማከርኳቸው።

"አባ፣ ስለት ነበረብኝ።"

"ሳታደርስ ቀረህ?"

"ኧረ እያደረስኩ ነው። ችግሩ ጌም ነው።"

"ጌም ምንድን ነው?"

ስለቱንም ጌሙንም ነገርኳቸው። ቴሌቪዥን ላይ ሰው የሚገደልበት ጨዋታ ነው ስላቸው "ማን ነው የሚገደለው?" አሉኝ። ማንም አይደለም፣ ሥዕል ነው አልኳቸው። በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ትንሽ ሳቁ። ቀጥሎ ወዲያው ሳቃቸውን ተዉት።

"ስትሳል ልጅህ ሰምታሃለች?"

"የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች አባ። ተኝታ ነበር።"

"ከነቃች በኋላስ ነገርካት?"

አልነገርኳትም አልኩ። "ስለቱ የአንተ ነው" አሉኝ። "እሷን ሳትነግራት አብረህ አሰርካት። መጀመሪያ ንገራት፤ የጌሙን ነገር ከዚያ በኋላ ና ጠይቀኝ።" መስቀል አሳልመውኝ ወደ ሌላ ሰው ዞሩ። እኔ ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም እንዲሉኝ ነበር የሄድኩት። ቅር ብሎኝ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሞሉ መልሼ ወሰድኳት። የሐምሌ ብርድ ነበር፣ አጥንት የሚሰብረው የጆበርግ ደረቅ ብርድ፤ መኪናው ውስጥ ግን ፀሐዩ በመስታወት ገብቶ ይሞቃል። ፓርኪንጉ ላይ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ቀበቶዋን ልትፈታ ስትል "ቆይ" አልኳት። ወደፊት እያየሁ ነገርኳት፤ ወደ እሷ ብዞር የምናገር አልመሰለኝም። ሱቁን፣ ቀዳዳውን፣ ሽጉጡን፣ የኋለኛዋን ክፍል በር፣ ስለቱን ነገርኳት። እጄን ማንሳቴን ግን ዘለልኩት፤ ልመናዬንም እንደዚሁ። አባት ነኝ፣ አፈርኩ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ያልጠበቅኩትን ነበር።

"የውሃ ሽጉጤን የወሰድክብኝ ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ መጥፎ ልጅ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ያንን ይዛ ስታድግ እኔ ስለቴን ጠበቅኩ እያልኩ ስኩራራ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች፣ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ደሞ የዋሸኸኝ ያናድዳል። ፍልሰታ ምናምን ከምትለኝ ብትነግረኝ ይገባኝ ነበር። አይ አም ኖት ፋይቭ።"

"ልክ ነሽ። በይ አሁን የፈለግሽውን ግዢ። ስለቱ የእኔ ጣጣ ነው።"

"የወታደሩን ለምን እንደፈለግኩት ግን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

አልጠየቅኳትም። ልጆች ተኩስ ይወዳሉ ብዬ ፋይሉን ዘግቼ ነበር።

"ለሁለት ሰው ስለሆነ ነው" አለች የቀበቶዋን ጫፍ እያሻሸች። "ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። ሶፋ ላይ ቁጭ ብለህ አብረህ ትጫወታለህ። ሌላኛው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ ከሱቅ ትመጣለህ፣ ስልክህን ታያለህ፣ ትተኛለህ። እኔ ደግሞ ከአንተ ጋር ልጫወት ብዬ ነው።"

እዚያች መኪና ውስጥ የተሰማኝን በቃል መናገር ያቅተኛል። ለእሷ ይሻላል ብዬ በዚያ ሁሉ ውሸት የተሟገትኩለት ጌም ወራት ሙሉ ብቻዋን የምትቀመጥበት ነበር። እሷ ደግሞ ወታደሩን የመረጠችው እኔን ሶፋው ላይ ለማስቀመጥ ነው። አንጀቴን በላችው። እንግዲያው የተኩሱን እንግዛ ልላት አፌን ስከፍት በሩን ከፍታ ወረደች።

ከኋላዋ ስደርስ ካባ የለበሰችውን ሴት ባንኮኒው ላይ አስቀምጣለች። "በተራ እናደርገዋለን" አለችኝ ሳትዞር። "እኔ እዋጋለሁ፣ አንተ ከሰዎቹ ጋር ታወራለህ። ማውራት ትወዳለህ አይደል?" ሻጩ ባለፈው የተጣላነው እኛ መሆናችንን አስታውሶ ፈገግ አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰን ተቀመጥን። ሰው መፍጠር ብቻውን ስንት ሰዓት ፈጀብን። የፈጠርናትን ሴት ፀጉር እሷ መረጠች፤ ሙያዋን ተጓዥ ነጋዴ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሁለት ተኩላና አንድ ሽፍታ ጣለች። ከዚያ አንዲት መንደር ደረስንና "ያንተ ተራ" ብላ ጆይስቲኩን ሰጠችኝ። እየተደናበርኩ፣ ከግድግዳ ጋር እየተላተምኩ፣ እሷን በሳቅ እየገደልኳት አንድ በር ከፍቼ ገባሁ። ሱቅ ነበር። ከባንኮኒው ኋላ አንድ ጢማም ሰው ቆሟል። ከጀርባው ዳቦ፣ ሻማ፣ ገመድ ተደርድሯል። ከእሱም ኋላ የተዘጋ በር አለ።

ሰላም ልበለው ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ። የተጫንኩት ቁልፍ ግን የሰላምታው አልነበረም። ሴትዮዋ ሽው አድርጋ ሰይፏን መዘዘች። ባለሱቁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከሥሩ አንድ ጽሑፍ ወጣ።

የትኛው ቁልፍ ሰይፉን እንደሚመልስ አላውቅም፤ ባውቅም ጣቴ የሚታዘዘኝ አልነበረም። ሥዕል ነው፣ ማንም አይደለም ብዬ ለነፍስ አባቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሰውየው እጁን እንዳነሳ ቆሞ ያየኛል።

"ምን ይላል?" አልኳት። እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይደለም።

"የፈለግከውን ውሰድ፣ እባክህ ነው የሚለው።" ሳቋን አቁማለች። ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው። "አባዬ... አንተም እንደዚህ እጅህን አንስተህ ነበር?"

"አዎ።"

"ምን አልከው?"

ለአሥራ ሁለት ዓመት ለማንም ያልተናገርኳት ይህችን ነበር።

"ልጅ ተኝታለች፣ ቀስ በሉ አልኳቸው። በአማርኛ። ሌላ ቋንቋ ጠፋኝ።"

ልጄ ጆይስቲኩን አልቀማችኝም። አውራ ጣቷን በእኔ አውራ ጣት ላይ አደረገችና ትክክለኛውን ቁልፍ አብራኝ ተጫነች። ሰይፉ ወደ አፎቱ ተመለሰ። "ይቅርታ መጠየቂያ ቁልፍ የለውም" አለች ቀስ ብላ። "ግን የሆነ ነገር ከገዛነው ይረጋጋል።"

ዳቦ ገዛን። ከፍለንም ወዲያው አልወጣንም፤ ባለሱቁ እጁን እስኪያወርድ ድረስ ሁለታችንም እዚያው ቆመን ጠበቅን።